ሰባ አራተኛው ሥዕል

መስከረም 12

ለተከበሩ ጋሼ፣

ይህ ደብዳቤ ጤና ሆነው፣ ሳሉ ለቅቆዎት፣ ደስ ባለዎት ሰዓት እጅዎ ይግባ። እኔ ደህና ነኝ። ስልክ ላይ ጆሮዎ እምቢ ስላለ፣ እማዬም ስለ እርስዎ ስጠይቃት «ደህና ነው» ከማለት ሌላ ምንም ስለማትነግረኝ፣ እንደ ድሮው በወረቀት መጣሁ።

ሥራዬ ያው መጽሐፍ መጠገን ነው። በሕክምና ትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት ውስጥ አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ አንድ የብረት መጫኛና የስንዴ ሙጫ የማፈላባት ትንሽ ምድጃ አለችኝ። ዘንድሮ አለቃዬ ትልቅ ነገር አስባለች። የሰውን አካል በሥዕል የሚያሳዩ መጻሕፍት ከጥንት እስከ ዛሬ ምን እንደሚመስሉ ለሕዝብ ልታሳይ ነው። አርባ መጻሕፍት ተመርጠው ሠላሳ አንዱ ሕመምተኞች ናቸው፤ ጀርባቸው የተገነጠለ፣ ቅጠላቸው የረገፈ፣ ነቀዝ የበሳቸው። ሁሉም በእጄ ያልፋሉ።

ጋሼ፣ ቢያዩአቸው! አንዱ ላይ አጽም ሜዳ ላይ ቆሞ፣ አካፋ ተደግፎ፣ ሥራ እንዳደከመው ሰው ወደ ሰማይ ያያል። ሌላው ላይ ሥዕሉ እንደ መስኮት ይከፈታል፤ ቆዳውን ሲያነሡ ጡንቻ፣ ጡንቻውን ሲያነሡ አንጀት፣ ከዚያ ኩላሊት። የስንት ዘመን ተማሪ እየከፈተ እየዘጋ ጨርሶት ጉበቱ ጠፍቷል። አለቃዬ «ጉበት ፈልጊለት» እያለች ትስቅብኛለች።

የመጨረሻው የመስታወት ሣጥን ግን ባዶ ነው። በእናንተ ቋንቋስ እንዲህ ያለ መጽሐፍ አለ ወይ አለችኝ። አለ፣ ሠዓሊውም የአባቴ የአክስት ልጅ ነው አልኳት። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር መሰለኝ ከጎን ያሉት ዞረው አዩኝ። ልጅ ሳለሁ ስለ መጽሐፉ ሲወራ ሰምቻለሁ እንጂ በዓይኔ አላየሁትም። አንድ ቅጂ ካለዎት ይላኩልኝ።

ሌላው ነገር የእማዬ ነው። ወደቡ ድረስ ሄጄ የአባትሽን መቃብር ሳላይ አልሞትም ማለት ጀምራለች። ቦታውን የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት። ይዘዋት ቢሄዱልኝ፣ የመንገዱን ነገር ለእኔ ይተዉልኝ።

አክባሪዎ፣
ዳክዬ


ጥቅምት 29

ለዳክዬ፣

ዕድሜሽ ይርዘም፣ ዓይንሽን ይጠብቅልሽ፤ በዚያ ምድር ቤት መብራት እንዳይደክምብሽ። ደብዳቤሽን አንዴ በቁሜ፣ አንዴ ተቀምጬ አነበብኩት። ሳሉ ለቆኛል። እጄ ግን ጠዋት ጠዋት ትንሽ ይንቀጠቀጣል፤ ወደ ቀትር ይተወኛል።

ስለ መጽሐፉ የጠየቅሽኝ፣ ቅጂ የለኝም። አምስት መቶ ታተመ፤ ግማሹ ለተማሪ ተሰጠ፣ የቀረው በትምህርት ቤቱ መጋዘን ጣሪያው ሲያፈስ በሰበሰ። ደግሞ እነዚያ በመዳብ ሰሌዳ ላይ ስንት ዓመት የተቀረጹት መሃል የእኔ ነገር ምን ይሠራል? እኔ እኮ የሱቅ ምልክት ጻፊ ነበርኩ። የአካል ጥናት መምህሩ ዶክተር በአንድ ጥርስ ሐኪም ቤት በር ላይ የሣልኩትን መንጋጋ አይቶ ነው ያስፈለገኝ። «ጥርሱን ሠላሳ አራት አድርገኸዋል፤ ግን እጅ አለህ» አለኝ። የመጀመሪያው ቀን ራሴን ስቼ ወደቅሁ። ስነቃ ተማሪዎቹ ከበውኝ «ይሄኛው ገና ትኩስ ነው» ይባባላሉ። ከዚያ ሦስት ዓመት ሠራሁ፤ መቶ አሥራ ሁለት ሥዕል። አለቀ። ያለፈ ነገር ነው፤ ለአለቃሽ ጠፍቷል በያት።

የእናትሽ ጉልበት ሁለት ቀን አውቶቡስ ላይ መቀመጥ አይችልም። መንገዱም ተበላሽቷል ይላሉ። በጋው ይለፍና እንነጋገራለን።

ከቻልሽ ለቀጭን መስመር የሚሆን የብዕር ጫፍ ላኪልኝ። እዚህ ያለው ወረቀት ይቧጭራል።

የሚወድሽ፣
ጋሼሽ


ኅዳር 25

ለተከበሩ ጋሼ፣

ጤናና ሰላም ለቤትዎ፣ ፀጥታ ለእጅዎ ይሁን። የብዕር ጫፎቹን በሌላ ፖስታ ልኬአለሁ፤ ስድስት ናቸው።

ያለፈ ነገር ነው ያሉኝ አልተዋጠልኝም። እዚህ ቀኑን ሙሉ ካለፈ ነገር ጋር ነው የምውለው። ሳምንቱን የጠገንኩት መጽሐፍ ሥዕሎች ከመዳብ ሰሌዳ የታተሙ ናቸው። በአንዱ ላይ ሠዓሊው አስከሬኑን የሸፈነው ጨርቅ ላይ ያረፈች ዝንብ ሣለ። ማንም አላዘዘውም፤ ስለነበረች ሣላት። እያደር ግን መጻሕፍቱ እየነጡ ይሄዳሉ። መጀመሪያ ሜዳው ጠፋ፣ ከዚያ ጨርቁ፣ ከዚያ ፊቱ፤ በመጨረሻ ነጭ ወረቀት ላይ የምትንሳፈፍ ኩላሊት ብቻ ቀረች። አለቃዬ የማታሳየው አንድም አለ። ቀለሙ እጅግ ያምራል፤ ግን ሥዕሎቹ በአንድ ክፉ ዘመን ከእስር ቤት ከመጡ ሬሳዎች እንደ ተሣሉ ስለ ታወቀ በቁልፍ ይቀመጣል። አንባቢ ከጠየቀ ከወረቀት ጋር ነው የሚሰጠው፤ ወረቀቱ ይህንኑ ይናገራል።

እሷ አሁን ለእያንዳንዱ መጽሐፍ ሦስት መስመር ያለው ካርድ አሠርታለች። ሐኪሙ፣ ሠዓሊው፣ የተሣለው ሰው። የሐኪሙ መስመር ሁልጊዜ ይሞላል። የሠዓሊው አንዳንዴ። ሦስተኛው በአርባውም ላይ «አልታወቀም» ነው። ፈርዶብኝ አርባ ጊዜ የምጽፈው እኔ ነኝ።

ደስ የሚል ወሬ ደግሞ አለኝ። የእርስዎ መጽሐፍ በሌላ ከተማ ባለ ቤተ መጻሕፍት ዝርዝር ውስጥ ተገኘ። ያኔ በስጦታ ተልኮላቸው ነበር መሰለኝ። በውሰት ሊልኩልን ተስማምተዋል። ጠፍቷል ያሉኝ ነገር ሳይጠፋ ሠላሳ ዓመት መደርደሪያ ላይ ቆሟል!

የእማዬን ጉዞ ነገር አደራ። በስልክ ሁሉ ስለ እሱ ብቻ ነው የምታወራው።

አክባሪዎ፣
ዳክዬ


ጥር 2

ለዳክዬ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። የብዕር ጫፎቹ ደርሰውኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ።

መጽሐፉን አታስመጪው። ከመጣም ሳትከፍቺ መልሺው። ምክንያቱን እጽፍልሻለሁ፤ ዛሬ እጄ አልታዘዝ ብሎኛል።

ጋሼሽ


ጥር 8

ለተከበሩ ጋሼ፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ከእርስዎ መልስ ሳይመጣ ሁለተኛ መጻፌን ይቅር ይበሉኝ።

መጽሐፉ ትናንት ደረሰ። ጀርባው ላልቷል፣ ጥቂት ቅጠሎች ተቀደዋል፤ ሥዕሎቹ ግን ትናንት የተሣሉ ይመስላሉ። አለቃዬን ጠርቼ አብረን ከመጀመሪያው ማገላበጥ ጀመርን። እኔ እንደ ባለቤት ገጽ እገልጣለሁ፣ እሷ «እጁ! እጁን ተመልከቺ!» ትላለች።

ሃምሳ ስምንተኛው ሥዕል ላይ እግር አለ። ሁለተኛውና ሦስተኛው ጣት እስከ ግማሽ ተጣብቀዋል። እንደ እኔ። አባቴ ዳክዬ ያለኝ በዚህ አይደል? የእሱም እንደዚሁ ነበርና «የዳክዬ ቤት» እያላችሁ ትስቁብን ነበር። እኔም ሳቅሁ። ጋሼ የዘመድ ጣት ከልቡ አውጥቶ ለቀልድ አስገብቷል ብዬ ለአለቃዬ ጫማዬን አውልቄ አሳየኋት።

ከዚያ ሰባ አራተኛው ላይ ደረስን። በግራ በኩል የታየ ራስና አንገት ነው። ከጉንጩ ወደ ታች ጡንቻው ተገልጧል፤ ከዚያ በላይ ግን ቆዳው አለ። ጆሮ አለ፣ የተዘጋ ዓይን አለ፣ ቅንድብ አለ። ቅንድቡ መሃል ላይ ፀጉር የማይበቅልባት ቀጭን መስመር አለች።

ያቺን መስመር እኔ ነኝ የሠራኋት። የአራት ዓመት ልጅ ሳለሁ በወረወርኩት የቆርቆሮ ኩባያ።

አለቃዬ ምን ሆንሽ አለችኝ። ጫማዬን አላጠለቅሁም ነበር፤ በአንድ እግሬ ባዶ እግር ቆሜያለሁ።

አባቴ ወደቡ ላይ በንዳድ ሞቶ እዚያው ተቀበረ ብለው የነገሩን እርስዎ ነዎት። ታዲያ ጋሼ፣ ይህ ሰው ማነው?


የካቲት 20

ለዳክዬ፣

ምን ብዬ ሰላም እንደምልሽ አላውቅም። ብቻ ደህና ሁኚ። ይህን ለመጻፍ አራት ወረቀት ቀድጃለሁ፤ ያም በእጄ ምክንያት አይደለም።

አባትሽ ነው።

ከእናትሽ ጋር ተጣልቶ ሥራ ፍለጋ ወደ ወደቡ እንደ ሄደ ታውቂያለሽ። አንቺ ሰባት ዓመትሽ ነበር። ወሬው ሲጠፋ እናትሽ እኔን ላከችኝ። ወደቡ ሄጄ አምስት ቀን ጠየቅሁ፤ አይተነዋል ያለኝ የለም። ባዶ እጄን ተመልሼ ሥራዬን ቀጠልኩ። ያኔ መጽሐፉን ከጀመርን አንድ ዓመት አልፎን ነበር።

አንድ ቀን አዲስ አስከሬን አመጡ። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ የምሥለው ክፍል ብቻ ይገለጣል፣ የቀረው በእርጥብ ጨርቅ ይሸፈናል። ሁለት ቀን ሙሉ ቀኝ ክንዱንና ደረቱን ሣልኩ። ሁለት ቀን ሙሉ አጠገቡ ተቀምጬ፣ እርሳሴን እየቀረጽኩ፣ ከዶክተሩ ጋር እየተጫወትኩ። ምንም አልተሰማኝም። ሰው ዘመዱን ሲነካ ልቡ ይነግረዋል ይላሉ። አይነግረውም። በሦስተኛው ቀን አንገቱን ልሥል ጨርቁን አነሡት።

የክፍሉን ጠባቂ መዝገቡን አሳየኝ አልኩት። «ከአውቶቡስ ተራ የመጣ፤ ስም የለውም» ይላል። መናኸሪያው ላይ ወድቆ አግኝተው ሆስፒታል አስገቡት፤ ኪሱን ቀድሞ ሌላ ሰው ፈትሾታል። አልተናገረም፣ በሁለተኛው ቀን አረፈ። ፈላጊ የሚጠበቅበት ጊዜ አለቀና ወደ ትምህርት ቤቱ ላኩት። እኔ ወደቡ ላይ እሱን ስጠይቅ፣ እሱ እዚህ ከቤታችሁ የግማሽ ሰዓት መንገድ ላይ ተኝቶ ነበር። ጠባቂው ካልሲው ውስጥ የአውቶቡስ ቲኬት ተገኝቶ እንደ ነበር ነገረኝ። ከወደቡ ወደዚህ የተቆረጠ ነው። አባትሽ እየተመለሰ ነበር።

ለዶክተሩ ይህን ሰው አውቀዋለሁ አልኩት። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ክንዴን ይዞ ወደ መስኮቱ ወሰደኝ። ስሙን የሚያረጋግጥ ወረቀትና የቤተሰብ ፊርማ ካመጣሁ እንደሚያስረክበኝ ነገረኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ግን የሠራነውን አይተሃል። ይህን ነው ለሚስቱ የምትሰጣት?» አለኝ። መልስ ፈልጎ ዓይን ዓይኔን አየ። እርሳሴን ጠረጴዛው ላይ ትቼ ወጣሁ።

በዚያው ቀን ቤታችሁ መጣሁ። እናትሽ ልብስ ታሰጣ ነበር። ገና ሳታየኝ በኮቴዬ አውቃኝ «ምን ሰማህ?» አለች። እውነቱን ልናገር ነበር የመጣሁት። አፌን ስከፍት ወደቡ ወጣ። «ያኔ ስመለስ ልነግርሽ ፈርቼ ነው፤ መቃብሩን አይቻለሁ» አልኳት። በንዳድ አልኩ። ወዲያው ተቀበረ አልኩ። መቃብሩ ምን ይመስላል ስትለኝ ከባሕሩ ፊት ለፊት፣ ነጭ የእንጨት አጥር ያለው፣ አጠገቡ አንዲት አጭር ዛፍ ያለችበት አልኳት። ሠዓሊ ነኝ፤ ዝርዝር ይመጣልኛል። እሷ ሠላሳ ሦስት ዓመት የምታስበው ያንን አጥር ነው።

ሦስት ቀን ከሥራ ቀረሁ። በአራተኛው ተመለስኩ። ለምን ብትይኝ፣ እኔ ብቀርም እነሱ አይቀሩም፤ መቁረጡ ይቀጥላል፣ የሚቀረው የሚያየው ሰው ብቻ ነው። ዶክተሩን አንድ ነገር ለመንኩት። ፊት አይሣልም፣ ደንብ ነው። ከጉንጩ በላይ ግን በቆዳው ልተወው አልኩት። ቢላውን ከጉንጩ ላይ አነሣ። እሺ ማለቱ ነው ብዬ ያዝኩት።

ሲያበቃ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ከሌሎች አሥራ አንድ ሰዎች ጋር ተቀበረ። እኔ ነበርኩ። ዛሬ ቦታው ላይ መኪና ይቆምበታል።

እናትሽን ወደቡ ውሰደኝ ስትለኝ ስንት ዓመት መንገድ ተበላሸ እንዳልኳት ቁጠሪው። ምን ላሳያት? እንዳልነግራት ፈራሁ፣ እንዳልተወው አንቺ አወቅሽ። የምትይኝን እሰማለሁ።

ጋሼሽ


ሚያዝያ 30

ለጋሼ፣

«ሳትከፍቺ መልሺው» ያሉት ደብዳቤ ከከፈትኩት ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ ደረሰኝ። የየካቲቱን ካገኘሁ ደግሞ ከአንድ ወር በላይ ሆነኝ። ስድብ ጽፌ ቀደድኩ። ምስጋና ጽፌ ያንንም ቀደድኩ። የትኛውን ልልክ እንደ ነበር አሁንም አላውቅም።

ለአለቃዬ ነገርኳት። መጽሐፉ ይታይ አይታይ የምትወስኚው አንቺ ነሽ አለችኝ። አይታይ አልኩ። የመጨረሻው ሣጥን ባዶውን ተከፈተ፤ ሰዉ ሥራው ያላለቀ መስሎት ያልፈዋል።

መጽሐፉን ልግዛ ብዬ ለዚያኛው ቤተ መጻሕፍት ጻፍኩ። በትሕትና መለሱልኝ፤ የስብስባቸው አካል ስለሆነ አይሸጥም። ሥዕሉን ብቻ ስጡኝ አልኩ። መጽሐፍ አይገነጠልም አሉ። ሌላ ሰው ቢጠይቀኝ እኔም ይህንኑ ነበር የምመልስለት። የአባቴ ልጅ መሆኔን የሚያሳይ ወረቀት ምን ዓይነት ወረቀት ነው ጋሼ? እርስዎን የጠየቁዎትን ወረቀት እኔም ሳስብ ሰነበትኩ።

የውሰቱ ቀን ባለፈው ሳምንት አለቀ። ሰባ አራተኛው ቅጠል ከታች በኩል ሦስት ጣት ያህል ተቀዶ ነበር። ሙጫ አፍልቼ፣ በስስ ወረቀት ከኋላው ጠገንኩት፤ ሲደርቅ ቀኑን ሙሉ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ማድረግ የምችለው ይኸው ነበር። ከዚያ አባቴን በካርቶን አሽጌ፣ አድራሻ ጽፌ፣ በፖስታ ቤት መስኮት አስገብቼ ላክሁት። የፖስታ ቤቷ ሴትዮ ውስጡ የሚሰበር ነገር አለ ወይ አለችኝ። የለም አልኳት።

እማዬን በስልክ ልነግራት ሁለት ጊዜ ደወልኩ። አንዴ ስለ ጉልበቷ፣ አንዴ ስለ አየሩ አውርተን ዘጋን። እኔም እንደ እርስዎ አፌን ስከፍት ሌላ ነገር ይወጣል። እዚህ ሆኜ አልችልም። እርስዎ ይንገሯት። ፊቷን እያዩ ይንገሯት። ስለ ቲኬቱ እንዳይረሱ። ሌላ ምንም አልጠይቅዎትም።

ዳክዬ


ሰኔ 17

ለዳክዬ፣

ብርታት ከአንቺ ጋር ይሁን። ነገርኳት።

ከቀትር በኋላ ነበር። መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ቁልፍ ትሰፋ ነበር። ሳላቋርጥ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተናገርኩ፤ ብቆም እንደማልቀጥል አውቀዋለሁ። መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰክታ ሰማችኝ። ስጨርስ ስለ ሥዕሉም፣ ስለ እኔ ውሸትም አልጠየቀችኝም።

«እየመጣ ነበር?» አለችኝ።

እየመጣ ነበር አልኳት። ደግማ ጠየቀችኝ። ስለ ቲኬቱ እንደገና አስነገረችኝ፤ ከየት ወዴት እንደሚል፣ በዓይኔ አይቼው እንደሆነ። አላየሁትም፣ ጠባቂው ነው የነገረኝ አልኳት። እንደ ተጣላን ቀረ ስትል ሠላሳ ሦስት ዓመት ኖራለች፣ ዳክዬ። ይህንን ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ ሬሳውን ልደብቅላት ብዬ መመለሱንም አብሬ ደበቅሁባት። ያኔ አልታየኝም ነበር። ከዚያ ውጣልኝ አለችኝ፤ ወጣሁ።

ዘጠኝ ቀን ደጇን አልረገጥኩም። በአሥረኛው ጎረቤቷ መጣችና «መጽሐፉን ይዘህ ና ብላለች» አለችኝ። ቅጂ የለኝም ያልኩሽ ውሸት ነበር። አንድ አለኝ፤ ቁም ሣጥን ላይ በጨርቅ ተጠቅልሎ ነው የኖረው። አንቺን ከዋሸሁሽ ሁሉ ይህ ትንሹ ነው፤ ግን እሱንም እወቂው።

ወሰድኩላት። ወደቡን ሁለተኛ አላነሣችም፤ የመኪና ማቆሚያውንም ልየው አላለችም። መነጽሯን አድርጋ ገጹን አንተ ግለጠው አለችኝ። ገለጥኩት። ፊት ለፊት ለመቀመጥ አልደፈርኩም፤ ከኋላዋ ቆምኩ። እጇን ሥዕሉ ላይ አሳረፈች፤ ጡንቻው የተገለጠበትን በመዳፏ ሸፍና የቀረውን አየች።

ታለቅሳለች ብዬ ነበር፤ አላለቀሰችም። አንድ ጊዜ ብቻ ስሙን ጠራችው፤ እንደ ሞተ ሰው አይደለም፣ ከጓዳ ሆና እንደምትጠራው።

«ሲሄድ ጺሙን አሳድጎ ነበር» አለች። «ማነው የላጨው?»

እኔ ነኝ አልኳት። የአገጩ ቆዳ ሊገለጥ ስለሆነ መላጨት ነበረበት፤ ጠባቂው ምላጭ ሲያነሣ ተቀበልኩት።

«በምን ውሃ?»

በቀዝቃዛ አልኳት። እዚያ ክፍል ሌላ ውሃ አልነበረም።

መዳፏን ሳታነሣ በሌላ እጇ ቅንድቡን ዳሰሰች።

«ቀዝቃዛ ውሃ አይወድም ነበር» አለችኝ።

ጋሼሽ